የእኅቴ የታጠቡ እንቁላሎች

ጳጉሜን ሁለት፣ ጠዋት

በአሥራ ሁለት ሰዓት ከባሕር ዳር ተነሣሁ። የምሄደው ወደ ፎገራ፣ ወደ እናቴ ቤት ነው። የታላቅ እኅቴ የዝናሽ አርባ ጳጉሜን አራት ቀን ይውላል።

ለቀብሯ አልደረስሁም። መሞቷን የሰማሁት በስምንተኛው ቀን ነው። መልእክቱን የያዘው ሰው መንገዱ በጎርፍ ተዘግቶበት ወረታ ላይ ሰንብቶ ነበር። የነገረኝም ይህን ብቻ ነው፤ "ወባ ታመመች፤ ዳነች። ከዳነች በኋላ ሆዷን አመማትና በስድስት ቀን ሞተች።" ሰው ከዳነ በኋላ እንዴት ይሞታል? ይህን ጥያቄ ስተኛም ስነሣም ይዤው ከረምሁ። ስለዚህ የምሄደው ለተዝካሩ ብቻ አልነበረም። ምን እንደገደላት ማወቅ እፈልግ ነበር።

ለመሄድ ከቀበሌ የይለፍ ወረቀት ማውጣት ነበረብኝ። ሊቀ መንበሩ "ምክንያት" ከሚለው መስመር ላይ "ለቅሶ" ብሎ ጻፈ።

"ለቅሶ እንኳ አይደለም፤ ተዝካር ነው" አልሁት።

"ለተዝካር ፈቃድ አልሰጥም። ለለቅሶ እሰጣለሁ። ታለቅሳለህ አታለቅስም?"

"አለቅሳለሁ።"

"እንግዲያው ለቅሶ ነው" አለና ማኅተሙን መታልኝ። አምስት ቀን ሰጠኝ።

በቦርሳዬ ውስጥ ከቀበሌ ሱቅ በራሽን ያገኘሁት ሁለት ኪሎ ስኳር፣ ጧፍ፣ ለእኅቴ ልጅ ለብርቄ ደግሞ አንድ ቀሚስ አለ። ብርቄ አራት ዓመቷ ነው። አባቷ ከዘመተ ሁለት ዓመት አልፎታል፤ ወሬው የለም። አሁን ያለቻት እናቴ ብቻ ናት።

ስለ እኅቴ ትንሽ ልናገር። አባታችን የሞተው እኔ ገና ፊደል ሳልለይ ነው። እስከ አሥራ ሁለተኛ ክፍል ያስተማረችኝ እሷ ናት። ደብተሬም፣ ጫማዬም፣ ባሕር ዳር የተከራየኋት ክፍልም በእንቁላል የተከፈሉ ናቸው። እሷ ራሷ ትምህርት ቤት አልገባችም። ማንበብ የቻለችው በመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ነው። ደብዳቤ ስጽፍላት ፊደሉን በጣቷ እየተከተለች ድምፅ አውጥታ ታነበው ነበር ይባላል። እኔ አላየኋትም። ደብዳቤ የሚጻፈው ሩቅ ለሆነ ሰው ነውና።

ከባሕር ዳር እስከ ወረታ

የአውቶቡሱ ዋጋ ሁለት ብር ነው። የዓባይን ድልድይ ስናልፍ ፀሐይ ወጣች፤ ግን ብዙ አልቆየችም። ሐሙሲት ላይ ኬላ አለ። ሁላችንም ወረድን፤ ወረቀታችን ታየ፤ ጤፍ የያዙ ሁለት ሴቶች ጆንያቸውን እንዲፈቱ ታዘዙ። እዚያ ቆመን ሳለ አንዲት ሴት "ቅቅል! ቅቅል!" እያለች እንቁላል በሚጥሚጣ ታዞር ነበር። ሁለት ገዛሁና ቆሜ በላሁ። ጣፈጠኝ። ይህን የምጽፈው ከዚያ ወዲህ እንቁላል ጣፍጦኝ ስለማያውቅ ነው።

ጉማራ ወንዝ ስንደርስ ሾፌሩ አውቶቡሱን አቆመ። ውሃው የድልድዩን እግር ይመታል፤ ቀለሙ የተበጠበጠ ጭቃ ነው። "ውረዱና በእግራችሁ ተሻገሩ፤ እኔ ባዶውን ላሳልፈው" አለ። ከኋላዬ የነበረ ሽማግሌ "አንተ ብትገባስ ማን ይነዳልናል?" ሲለው ሰው ሁሉ ሳቀ። እኔም ሳቅሁ። ከሳቅሁ በኋላ አፈርሁ።

ከጉማራ ወዲያ ሜዳው ይጀምራል። በበጋ ዓይን እስኪደክም ሣርና ከብት ነው። በክረምት ግን ጣና ራሱ ተነሥቶ የመጣ ይመስላል። የቤቶቹ ጣራ ከውሃው በላይ ይታያል። ከብቶቹ ከፍ ባለ ቦታ ላይ ተጠጋግተው ቆመዋል። ሩዝ የተዘራባቸው ማሳዎች ብቻ አረንጓዴ ናቸው፤ ሩዙ ውሃውን አልጠላም። ሌላው ሰብል ሰጥሟል።

ወረታ፣ አምስት ሰዓት

ወረታ መገንጠያው ላይ ወደ ደብረ ታቦር የሚወጡ የጭነት መኪኖች ጭቃ ላይ ቆመዋል። በቀጥታ የሄድሁት ወደ አቶ ኑሩ ሱቅ ነው። አቶ ኑሩ ጨው፣ ጋዝና ሳሙና ይሸጣሉ። ከሜዳው የሚመጣ እንቁላልም በእሳቸው እጅ አልፎ ጎንደር ይሄዳል። እኅቴ ደንበኛቸው ነበረች።

ስገባ የአንዲት አሮጊት እንቁላል እየመረመሩ ነበር። ጣታቸውን ጠቅልለው እንደ ቱቦ ያደርጉና እንቁላሉን በፀሐይ አንጻር ያዩታል።

"ይቺን ውሰዷት እማማ። ይቺ ነገ ጭው ጭው ብላ ታሳፍረኛለች።"

"ኑሩ፣ ዓይንህ ነው የፈዘዘ! የትናንት ናት።"

"የትናንት ከሆነችማ በአንድ ሌሊት ላባ አብቅላለች።"

አሮጊቷ እየተሳደቡ እየሳቁ ሄዱ። አቶ ኑሩ ያን ጊዜ ቀና ብለው አዩኝ።

"አንተ የዝናሽ ወንድም አይደለህ? ደሳለኝ?"

"ነኝ።"

"አላህ ያጽናህ። ና ተቀመጥ።"

ጆንያ ላይ ተቀመጥሁ። ሻይ አስመጡልኝ። ስለ ሕመሟ ጠየቅኋቸው። ለመናገር የከበዳቸው መሰለኝ። እንቁላሉ የሚደረደርበትን ጭድ በእጃቸው እየደለደሉ ቆዩና እንዲህ አሉኝ።

"ከባለፈው ፋሲካ ማግስት ጀምራ የታጠበ እንቁላል ታመጣ ነበር። የፈረንጅ ዶሮ እንቁላል ነጭ ነው፤ ሲታጠብ ደግሞ እንደ ሸክላ ሣህን ያበራል። እኔ ግን የታጠበ አልገዛም። ጎንደር ሳይደርስ ይገማል። ለምን እንደሆነ አላውቅም፤ አባቴም አይገዙም ነበር። አጥበሽ አታምጪ አልኋት። ሦስት ጊዜ ነው ያልኋት።"

"እሷስ ምን አለች?"

"ሳቀችብኝ። 'አቶ ኑሩ፣ ወንድሜ ነው የጻፈልኝ። እሱ አሥራ ሁለት ጨርሷል፤ እርስዎ ስንት ጨረሱ?' አለችኝ።"

ብርጭቆውን አስቀመጥሁት።

ጽፌ ነበር። ባለፈው የካቲት ይመስለኛል። ስለ ጀርም በትምህርት ቤት ተምረን ነበር። የዶሮ ኩስ ውስጥ በሽታ እንዳለ ደብተሬ ላይ አለ። ግብርና ለመንደራችን ሴቶች የፈረንጅ ቄብ ዶሮዎች ባከፋፈለ ጊዜ እኅቴ አምስት ደርሰዋት ነበር፤ ያንን ስሰማ ደስ ብሎኝ ምክር ጻፍሁላት። "እትዬ፣ እንቁላሉ ላይ ኩስ እንዳይኖር ሁልጊዜ በውሃ እጠቢው" ብዬ ጻፍሁ። ደብተሬ ላይ ስለ ማጠብ የተጻፈ የለም። ያን ከራሴ ነው የጨመርሁት። ትክክል መስሎኝ ነበር።

"አልገዛም ስላት ይዛው ተመለሰች" አሉ አቶ ኑሩ። "እቤት ተጠራቀመ። ከወባው ስትነሣ አቅም የላትም፤ እናትህ ጥሬውን በወተት እየመቱ አጠጧት። ሰው ሁሉ የሚያደርገው ነው። እኔም ለልጆቼ አደርጋለሁ። ግን... ያን ጊዜ ገዝቻት ቢሆን እያልሁ አስባለሁ።"

እሳቸው ግን አልጨረሱም።

"እናትህም ባለፈው ቅዳሜ መጥተው ነበር። የታጠበ እንቁላል ይዘው። መለስኋቸው። 'ምንም አይደል፣ ለብርቄ አጠጣታለሁ፤ ሳል ይዟታል' አሉኝ።"

የከብት ሐኪም ቤት

ወዲያው ወደ መንደር ለመሄድ ተነሣሁ። አቶ ኑሩ ያዙኝ። ከቀትር በኋላ ዝናብ ሲጥል ታንኳ አይነሣም፤ የሚነሣው ጠዋት ነው። "እስከዚያ አቶ ታደሰን ጠይቅ። ስለ ዶሮ እሱ ያውቃል" አሉኝ።

አቶ ታደሰ የእንስሳት ጤና ረዳት ነው። ሰው ሐኪም ይለዋል፤ እሱ ግን "ረዳት ነኝ" ይላል። አርባ ዓመት ይሆነዋል። ቢሮው አንድ ክፍል ናት፤ በጋዝ የሚሠራ ማቀዝቀዣና አንድ ጠረጴዛ አላት። ሁሉንም ነገርሁት። ደብዳቤውንም ነገርሁት። ሲሰማ ዓይኑን ከእኔ ላይ አላነሣም።

"እንቁላል ልብስ አለው" አለኝ። "ዶሮዋ ስትጥለው እርጥብ ሆኖ ይወጣል፤ ያ እርጥበት ቅርፊቱ ላይ ይደርቅና ቀዳዳዎቹን ይደፍናል። በዓይንህ አታያቸውም እንጂ ቅርፊቱ ቀዳዳ ብቻ ነው። ስታጥበው ልብሱን ገፈፍኸው። ከጎጆው የተነሣ ሙቅ እንቁላል ቀዝቃዛ ውሃ ውስጥ ስትከተው ደግሞ ወደ ውስጥ ይስባል፤ ውጭ የነበረውን ቆሻሻ ይጠጣዋል። በየትኛው ውሃ ነበር የምታጥበው?"

"በክረምት ከደጃችን የሚተኛው ውሃ ነው ያለን። ጎርፉ።"

"ከብቱም ሰውም የሚጸዳዳበት ውሃ" አለ።

"ዶሮዎቹ ጤነኛ ነበሩ" አልሁት። "አልታመሙም።"

"እሱ ነው ክፋቱ። ዶሮዋ ጤነኛ ሆና አንጀቷ ውስጥ ሳልሞኔላ የሚባለውን ባክቴሪያ ትሸከማለች። እሷን አይነካትም። ባክቴሪያ ሁሉ ግን ክፉ አይደለም፤ ይህን እወቅ። የአገራችን ጫጩት እናቱ ሥር ያድጋል። የእናቱን ኩስ ይጭራል፤ ከዚያ ደጉን ባክቴሪያ ያገኛል። ደጉ አንጀቱን ይሞላዋል፤ ክፉው ሲመጣ መቀመጫ ያጣል። በማሽን የተፈለፈለው የፈረንጅ ጫጩት ግን እናት የለውም። አንጀቱ ባዶ ቤት ነው። ባዶ ቤት ውስጥ ቀድሞ የደረሰው ይገባል። በውጭ አገር ከጤነኛ ዶሮ አንጀት ወስደው ለጫጩት ይሰጣሉ ብሎ አንድ አስተማሪያችን ሲነግረን ክፍሉ ሁሉ ስቋል። እኔም ስቄአለሁ።"

ከዚያ የምፈራውን ጠየቅሁት።

"እኅቴን የገደላት እሱ ነው?"

"አላውቅም" አለኝ። "ማንም አልመረመራትም። ወባው ይሆናል። ታይፎይድ ይሆናል። ውሃው ራሱ ይሆናል። አዎ ብልህ እዋሻለሁ፤ አይደለም ብልህም እዋሻለሁ። ስለ ልጅቷ ግን አውቃለሁ። ጥሬ እንቁላል አታጠጧት። የጀመራት ነገር ካለ አንድ ሊትር ውሃ አፍላና ስድስት የሻይ ማንኪያ ስኳር፣ ግማሽ ማንኪያ ጨው ጨምርበት። ቶሎ ቶሎ አጠጣት።"

አቶ ኑሩ ቤት አደርሁ። እንቅልፍ የሚባል አልነበረም።

ጳጉሜን ሦስት፣ በታንኳ

ቀኑ ሩፋኤል ነው። የሩፋኤል ዝናብ ጸበል ነው ይባላል፤ ገና በማለዳ ሲያካፋ ሰው ራሱን እየገለጠ ደጅ ይቆም ነበር። ሴቶች ገንቦና ሳፋ እያወጡ ይደረድሩ ነበር።

ታንኳ የሚቀዝፉት አያ መኮንን የሚባሉ የመንደራችን ሰው ናቸው። ዋጋው ስሙኒ ነው። ሳወጣላቸው እጄን መለሱት።

"ለተዝካር የሚሄድ ሰው አላስከፍልም። ስትመለስ ትከፍላለህ። ያኔ የራስህ ጉዳይ ነው።"

ውሃው ላይ ብዙ አልተነጋገርንም። የደንገሉ ታንኳ ከሥሩ ይረጥባል፤ ቦርሳዬን ጭኔ ላይ አድርጌ ስኳሩን እጠብቃለሁ። እኩል መንገድ ስንደርስ መቅዘፋቸውን ተዉ።

"እኅትህን እዚህ ድረስ አምጥቻት ነበር" አሉኝ።

"ወዴት?"

"ወረታ፣ ወደ ክሊኒኩ። ሁለት ታንኳ አስረን በቃሬዛ አስተኛናት። ርብ ወንዝ ያን ዕለት ሞልቶ ከወዲያ ማዶ እየገፋ መጣ። ግንድ ይዞ ይመጣል። መለሰን። ውሃ አምጡ ትል ነበር፤ ዙሪያዋ ሁሉ ውሃ ነው። እናትህ እያጠጧት ነበር። ትተፋዋለች።" ቀዘፉና ቆይተው "ማታውን ዐረፈች" አሉ።

ቦታውን አየሁት። ምንም ምልክት የለውም። ውሃ ነው።

እናቴ ቤት

ከታንኳው ወርጄ ጭቃውን በሩጫ ነው ያለፍሁት። እናቴ በራፉ ላይ ተቀምጣለች። ብርቄ ጭኗ ላይ ናት። በእጇ የያዘችው ኩባያ ነው።

"እማዬ፣ አታጠጫት!" ብዬ ጮህሁ።

ሰላም አላልኋትም። አልሳምኋትም። ልጇን የቀበረች እናቴን ከዚያ ወዲህ ሳገኛት የመጀመሪያ ቃሌ ይህ ነበር። ኩባያውን ከእጇ ወስጄ ደጅ ደፋሁት። ወተቱና አስኳሉ ጭቃው ላይ ቢጫ ሆኖ ቀረ።

እናቴ አየችኝ። "ከሙት ልጅ አፍ ላይ ትነጥቃለህ?" አለችኝ። "ይህንን ነው ከባሕር ዳር ይዘህልን የመጣኸው?"

"ሆዷ እንዴት ነው?"

"ከትናንት ጀምሮ ያስቀምጣታል። ለዚያም ነው የማጠጣት፤ አቅም እንድታገኝ።"

የልጅቷ ዓይን ወደ ውስጥ ገብቷል። ከንፈሯ ደርቋል። እሳት አነደድሁና ውሃ አፈላሁ። በማንኪያ ስኳሩን ስድስት፣ ጨውን ግማሽ ለካሁ። እንዲበርድ አቆየሁት። ማንኪያ ማንኪያ እያልሁ ከቀትር እስከ ምሽት አጠጣኋት። መጀመሪያ ተፋችው። ቆይቼ እንደገና ሰጠኋት። እናቴ አጠገቤ ተቀምጣ ታይ ነበር። እንቁላሎቹ ጥግ ላይ በሌማት ውስጥ ነበሩ፤ አንድም እድፍ የላቸውም። ደጅ በሳፋ የሩፋኤል ዝናብ ተጠራቅሟል፤ የዛሬዎቹን በእሱ አጥባቸዋለች።

"ጸበል ነው" አለችኝ ዓይኔን ተከትላ። "ጸበል ክፉ ያደርጋል?"

ጸበል ክፉ አያደርግም ብዬ አምናለሁ። እንቁላሉንም ደፋሁት።

ጳጉሜን አራት፣ አርባው

ብርቄ ጠዋት ትንሽ ሽንት ሸናች። አቶ ታደሰ ጥሩ ምልክት ነው ብሎኝ ነበር። እንደምትተርፍ ያወቅሁት በዚያ ነው፤ ለእኔ የሚከብደው ግን ገና ቀርቶ ነበር።

ቀኑ ረቡዕ ስለሆነ ዝክሩ የጾም ነበር። ሽሮ፣ ጎመን፣ ጥቂት ጠላ። በውሃው ምክንያት የመጣው ሰው ትንሽ ነው። መምሬ ገብረ ሥላሴ ፍትሐቱን አደረሱ። ጧፉን አበራሁ። ከዚያ እህል ውሃ ከተቀማመሰ በኋላ እናቴ ተነሥታ ከግድግዳው ስንጥቅ ውስጥ የታጠፈ ወረቀት አወጣች።

"ይህ የደሳለኝ ደብዳቤ ነው። እሷ እያነበበች ታሰማን ነበር። ዛሬ እሱ ያንብብልን" አለች።

ሴቶቹ ሁሉ ያውቁታል። ጎረቤታችን ማንጠግቦሽ "አዎ፣ ያች የእንቁላሉ ደብዳቤ! በቃሌ ይዣታለሁ" አለች። እኅቴ ለመንደሩ ሴቶች ሁሉ አንብባላቸው ኖሯል። የፈረንጅ ዶሮ የደረሳቸው ሁሉ ያጥባሉ።

ማንበብ ጀመርሁ። "ለውድ እኅቴ ለዝናሽ፣ ለጤናሽ እንደምን ሰንብተሻል።" ወረቀቱ የጣቷ እድፍ አለበት፤ ከሥር ከሥር የተከተለችበት። ያ መስመር ላይ ስደርስ ቆምሁ። መዝለል እችል ነበር። ከማንጠግቦሽ በቀር በቃሉ የያዘው የለም። እናቴ አታነብም።

አነበብሁት። "እትዬ፣ እንቁላሉ ላይ ኩስ እንዳይኖር ሁልጊዜ በውሃ እጠቢው።" ከዚያም ወረቀቱን አጠፍሁና "ይህ ስሕተት ነው" አልሁ። "የጻፍሁት ሳላውቅ ነው። እንቁላል አይታጠብም። ሲታጠብ በሽታው ወደ ውስጥ ይገባል። እትዬን የገደላት ይህ ይሆናል። እርግጠኛ አይደለሁም። ግን ይሆናል።"

መምሬ "እግዚአብሔር ያውቃል ልጄ፤ እግዚአብሔር ያውቃል" አሉ። እናቴን ብቻ ነበር የማየው። ብርቄን በነጠላዋ ጠቅልላ ታቅፋ ነበር።

"አንተ ጻፍህ" አለች ቀስ ብላ። "እሷ አጠበች። ያጠጣኋት እኔ ነኝ። አልጠጣም ስትል 'ለልጅሽ ስትይ ጠጪ' ብያት ነው የጠጣችው።"

ያን ጊዜ ማንጠግቦሽ ናት የተነሣችው። ተቆጥታ ነበር።

"ትናንት ኩስ በሽታ ነው እጠቡ አላችሁን። ዛሬ ማጠብ በሽታ ነው አላችሁን። ነገ ደግሞ ዶሮዋን አጥቡ ትሉን ይሆን? የተማረ ሰው ሲናገር እኛ ልጅ እንቀብራለን?"

"እውነትሽን ነው እትዬ ማንጠግቦሽ" አልኋት።

እሷ ግን አልተቀመጠችም። አይታኝ አይታኝ ድምፅዋን ዝቅ አደረገች። "እንግዲያ ምን እናድርግ? እሱን ንገረኛ።"

አቶ ታደሰ ያለኝን ነገርኋቸው። በደረቅ ጭድ መጥረግ። የጎጆውን ጭድ መለወጥ። እንቁላሉን በየዕለቱ መልቀም። ዶሮ ከነካን በኋላ እጅን በሳሙና መታጠብ። ከሁሉ በላይ ጥሬ አለመጠጣት፤ አስኳሉ እስኪጠነክር መቀቀል።

"ሰዓት የለን። እስኪጠነክር ስንት ነው? ከቅርፊቱ ውስጥ አስኳል አይታይ" አለች ማንጠግቦሽ።

እኔ በደቂቃ ነው የማውቀው። መምሬ አሰቡና "አቡነ ዘበሰማያትን ከነሰላም ለኪ ሳትጣደፉ አሥራ ሁለት ጊዜ ድገሙ" አሉ። ወዲያው ጉልቻው ላይ ድስት ተጣደና ተሞከረ። ሴቶቹ በአንድ ድምፅ አሥራ ሁለት ጊዜ ደገሙት። ሲሰበር አስኳሉ እንደ ድንጋይ ነበር። የጾም ቀን ስለሆነ ማንም አልቀመሰውም፤ የማንጠግቦሽ ትንሽ ልጅ በላው።

ጳጉሜን አምስት

ጠዋት ከአያ መኮንን ጋር ከቤቱ ውጭ በአራት ቋሚ ላይ የዶሮ ቤት ሠራን፤ ጎርፉ እንዳይደርስበት ከፍ አደረግነው። እናቴ አልወደደችውም። እስካሁን የሚያድሩት ቤት ውስጥ፣ ቆጡ ላይ ነበር፤ ከሥራቸው የውሃው እንስራ አለ።

"የልጄ ዶሮዎች ውጭ አያድሩም። ሸለምጥማጥ ይበላቸዋል።"

"በር አለው እማዬ። ይዘጋል።"

"ያንተ በር" አለችኝ። ግን ማታ ራሷ አንድ በአንድ ተሸክማ አስገባቻቸው። የእያንዳንዷን ክንፍ እየዳበሰች ነበር። አምስቱም ነጭ ናቸው፤ ጤነኛ ናቸው። እንቁላል እየጣሉ ነው።

ብርቄ ያን ዕለት እንጀራ በሽሮ በላች። ስትጨርስ ወደ እኔ ዞራ "እማዬስ?" አለችኝ። እናቴ ናት የመለሰችላት።

መስከረም አንድ፣ መመለሻ

የይለፍ ወረቀቴ የሚያበቃው ዛሬ ነው። እናቴ አራት እንቁላል በጭድ ጠቅልላ ሰጠችኝ። አልታጠቡም። አንዷ ላይ ኩስ ደርቋል፤ በጭድ ብትጠርገውም ምልክቱ አልለቀቀም። ስትሰጠኝ ዓይኔን አላየችም። በራፉ ድረስ ግን ወጣች።

ለአያ መኮንን ስሙኒ ከፈልሁ። ወረታ ላይ አቶ ኑሩን አገኘኋቸውና እናቴ የምታመጣው ከእንግዲህ ያልታጠበ መሆኑን ነገርኋቸው። "እገዛለሁ" አሉ። "ሁሉንም እገዛለሁ።"

ሐሙሲት ኬላ ላይ አንድ ወታደር ጭዱን ፈታው። እንቁላሎቹን ሲያይ ፊቱን አጨማደደ።

"ምነው ሳታጥበው? አውደ ዓመት አይደለም እንዴ?"

"አይታጠብም" አልሁትና ምክንያቱን ባጭሩ ነገርሁት።

ሰማኝ። "እናቴ ታጥባለች" አለ።

"ንገራት።"

"የት አግኝቻት?" አለና ጭዱን መልሶ ጠቀለለው። ጠንቅቆ ነው የጠቀለለው።

ባሕር ዳር የገባሁት ዘጠኝ ሰዓት ላይ ነው። ከዚህ መንገድ ምን ተማርህ ብትሉኝ፣ የማላውቀውን እንዳልጽፍ ተማርሁ። ደብተሬ ላይ የነበረው ልክ ነበር። የእኔዋ መስመር ናት የሳተችው፤ ለእኅቴ ግን ሁለቱም የአንድ ሰው ጽሕፈት ነበሩ። የተማርሁት ነገር እንቁላሉን ያለማጠብ ብቻ ቢሆን ደስ ባለኝ። ይህን ማስታወሻም የምጽፈው ከእኔ ሌላ እንዲህ ብሎ የጻፈ ሰው ካለ፣ ሳይመሽ ሌላ ደብዳቤ እንዲጽፍ ነው።

ልብሴን ሳልቀይር ቡታጋዙን ለኮስሁ። ኩስ የነካትን እንቁላል ውሃው ውስጥ ጨመርኋት። የእጅ ሰዓት አለኝ፤ በእንቁላል የተገዛ ነው። ፈታሁና ጠረጴዛው ላይ በፊቱ ደፋሁት። ውሃው ሲፈላ አቡነ ዘበሰማያትን ጀመርሁ፤ ሳልጣደፍ። ስድስተኛው ይሁን ሰባተኛው ጠፋኝ። ከመጀመሪያው ጀመርሁ።